በአፌ የያዝኩት መድኃኒት

ሥራዬ ማጨስ ነው። መታወቂያዬ ላይ «የደረጃ ምደባ ባለሙያ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሰው ግን ቀማሽ ነው የሚለን። ጠዋት አንድ ሰዓት እገባለሁ፣ ነጭ ጋዋን እለብሳለሁ፣ ወንበሬ ላይ ቁጭ እላለሁ። ከማድረቂያው የመጣው እፀ ፋርስ በየናሙናው ተጠቅልሎ በሳህን ይቀርብልኛል። ሦስት ጊዜ እስብና አፌን በውኃ ተጉመጥምጬ ደረጃውን እጽፋለሁ። አንደኛ ደረጃ ባሕር ይሻገራል፣ ሁለተኛው መድኃኒት ፋብሪካ ይገባል፣ ሦስተኛውን እኛው እዚሁ እንፈጀዋለን። በቀን ሠላሳ ናሙና። በዚህ ሥራ ላይ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ።

አገራችንን ጨፌ ቡርቃን የማያውቅ እንግዳ ይህን ሲሰማ «ታድለህ! እየተዝናናህ ደመወዝ ትበላለህ» ይለኛል። እንዲህ ያለ ሰው ያደክመኛል። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ጭሱ ራስ ላይ መውጣቱን ይተዋል፤ የሚቀረው ደረቅ ሳልና የአፍ ምሬት ነው። ዋናው ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው፤ እሱንም ለእንግዳ አይነግሩትም።

እኔ ልጅ ሳለሁ እዚህ አገር አበባ ነበር የሚተከለው። ከ2030ዎቹ ወዲህ ከሐይቁ ዳር እስከ ኮረብታው ሥር ያለው መሬት ሁሉ የእፀ ፋርስ ሆነ። ማድረቂያዎቹ እረፍት የላቸውም። አቧራው ጣሪያ ላይ ይተኛል፣ የተሰጣ ልብስ ላይ ይተኛል፣ ክዳኑ የተረሳ ድስት ውስጥ ይገባል። የማያጨስ ሰው ራሱ ያጨሳል። ሴቶቹን እምብዛም አልነካም ይላሉ፤ ወንዶቹን ግን አመከነን።

ስለዚህ ጨፌ ቡርቃ ውስጥ ወንድ ከወንድ ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠየቀው ቁጥር ነው። «ቁጥርህስ እንዴት ነው?» ይላሉ፤ ስለ ከብት ወይም ስለ ዝናብ እንደሚጠያየቅ ሰው። ቁጥሩ የወንድ ዘር ነው፤ የሚቆጠረውም በሚሊዮን ነው። አስራ አምስት የሞላለት ይወልዳል። የእኔ ዜሮ ነጥብ ሦስት ነበር። ስጠየቅ «ይመስገነው» ብዬ አልፋለሁ፤ ጠያቂውም ይገባዋል።

ባለቤቴ ማስተዋል አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤቱ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አስራ አንድ ተማሪ አለው፤ አስተማሪዎቹ አስራ አራት ናቸው። ማስተዋል አንደኛ ክፍል ነው የምታስተምረው፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ የለም። የሥራ ሰዓት ስላለባት ግን በየቀኑ ሁለት ሰዓት ላይ ትገባለች። ሰሌዳውን ታብሳለች፣ ቀኑን ትጽፋለች፣ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። ደወል ሲደወል ለዕረፍት ትወጣለች። ርዕሰ መምህሩም አልፎ አልፎ በመስኮት እያዩ መኖሯን ያረጋግጣሉ።

ለእኛ ዓይነቱ ሰው ያለው ተስፋ መላሽ ነው። መላሽ የምንለው ጤና ጣቢያው የሚሰጠው ጭማቂ ነው፤ ከጥቁር አዝሙድ፣ ከሽፈራው ቅጠልና ከሮማን ልጣጭ ነው የሚወጣው። ጭሱ የገደለውን ይመልሳል። ዕፅዋቱ የሚበቅሉት አቧራው በማይደርስበት ከኮረብታው ማዶ፣ መስታወት ቤት ውስጥ ነው፤ ምርቱ ደግሞ በዓመት ለአርባ ወንድ ብቻ ይበቃል። በዚህ የተነሳ ተራው በዕጣ ነው፤ ለአንድ ወንድ በዕድሜው አንድ ጊዜ፣ መቶ ሃያ ቀን። በእነዚህ ቀናት ከጭስ ያወጡታል፣ ሥራ ይቀይሩለታል፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ብልቃጥ ይጠጣል። ቁጥሩ ከሞላ እሰየው። ካልሞላ ስሙ ይዘጋል፤ ሁለተኛ ዕጣ ውስጥ አይገባም።

የእኔ ዕጣ የወጣው መጠበቅ በጀመርን በሰባተኛው ዓመት ነው። እኔ አርባ ሦስት፣ ማስተዋል ሠላሳ ስምንት ሆነን። ወረቀቱን ሳሳያት ሁለቴ አነበበችውና በሩን ዘጋች። «ለማንም እንዳትናገር። ዓይን ያስገቡብናል» አለችኝ። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል ብዬ እደብቃለሁ?

ጥር አስር ጀመርኩ። አብሮኝ ዕጣ የወጣለት ከድር የሚባል ቀማሽ ጓደኛዬ ነበር፤ አስራ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን አጭሰናል። ሁለታችንንም የመስታወት ቤቱ በረኛ አደረጉን። እዚያ ላይ አየሩ ምንም አይሸትም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ አየር ምንም አለመሽተቱ ራሱ እንግዳ ሆኖብን ነበር፤ ከድር «አፍንጫዬ ተበላሸ መሰለኝ» እያለ ያስቀኝ ነበር።

መላሹን የሚሰጡት ሲስተር ሐዊ ናቸው። ጠና ያሉ፣ ቀልድ የማያበዙ ሴት ናቸው። ብልቃጡን ከማቀዝቀዣ አውጥተው ይከፍቱና «እዚሁ፣ ፊቴ» ይላሉ። ግድግዳው ላይም «መላሽ በባለሙያ ፊት ብቻ ይጠጣል» የሚል ተለጥፏል። ለምን እንደሆነ አልተጻፈም። እኛ ምክንያቱን ከራሳችን አወጣን፤ ሰው ወስዶ እንዳይሸጠው ነው አልን። ጨፌ ቡርቃ ውስጥ የማይሸጥ ነገር ስለሌለ ማንም አልተጠራጠረም።

በአርባኛው ቀን ለኩኝ። ዘጠኝ። ዜሮ ነጥብ ሦስት የነበረው ሰውዬ ዘጠኝ ሚሊዮን ሆንኩ። ሲስተር ሐዊ ራሳቸው ፈገግ አሉ። «በዚሁ ከቀጠልክ ከሃያ በላይ ትገባለህ፤ ሰውነትህ ጥሩ አድርጎ ተቀብሎታል» አሉኝ።

ማስተዋል ትምህርት ቤት ነበረች። መጠበቅ አቅቶኝ እዚያው ሄድኩና በመስኮት በጣቶቼ ዘጠኝ አሳየኋት። ባዶው ክፍል ውስጥ ብድግ ብላ ቆመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ ስታጥብ ታንጎራጉራለች፤ አንድ ቀን ደግሞ «በግንቦት ብንጀምር ለየካቲት ይደርሳል» ስትል ሰማኋት። ለራሷ ነበር የምታወራው።

ያን ጊዜ ነው ፍርሃት የገባኝ። ተስፋ ሳይኖረኝ ምንም አልፈራም ነበር። ቁጥሬ ዜሮ ነጥብ ሦስት ሳለ እንቅልፌን እለጥጥ ነበር፤ ዘጠኝ ሲሆን ግን ቀን ተሌት የሚያባንነኝ ሐሳብ መጣ። ቢቆምስ? ቢወርድስ? የምይዘው ነገር ፈለግኩ።

ሁዳዴ ሊገባ ነበር። ይህን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ቀማሽ አይጾምም። ጠዋት በአንድ ሰዓት ጭስ የሚስብ፣ በየናሙናው አፉን የሚጉመጠመጥ ሰው ምኑን ይጾማል? አስራ ዘጠኝ ሁዳዴ በወንበሬ ላይ አሳለፍኩ። ሰው አስቀድሶ ሲመለስ እኔ አስራ አምስተኛዬን እያጨስኩ ነበር። ዘንድሮ ግን አፌ የራሴ ሆነ። እግዚአብሔር አፌን ነጻ ያወጣው በከንቱ አይደለም አልኩ። የዘወረደ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ቅጥሩን ተደግፌ ተሳልኩ፦ ልጁን ስጠኝ እንጂ፣ ሁዳዴን ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ከጉሮሮዬ አይወርድም።

ሰኞ ጠዋት ሲስተር ሐዊ ብልቃጡን ከፍተው ሰጡኝ። ያኔ ነው የታወሰኝ። መላሹ የሚጠጣው በአንድ ሰዓት ተኩል ነው።

የንስሐ አባቴን መምሬ አስራደን ብጠይቃቸው ኖሮ መልሳቸውን አውቀዋለሁ። «መድኃኒት አያስገድፍም፣ ልጄ፤ ጠጣ» ይሉኝ ነበር። ያልጠየቅኳቸውም ለዚሁ ነው። እንዲፈቀድልኝ አልፈለግኩም። የተፈቀደለት ስለት ምኑ ስለት ነው? አስራ ዘጠኝ ዓመት የገደፍኩትን በአንድ ዓመት ልከፍል ነው የተነሳሁት፤ ገና በመጀመሪያው ጠዋት «ይህ አይቆጠርም» ልባል?

ስለዚህ ጭማቂውን አፌ ውስጥ ያዝኩት። መራራ ነው፤ ምላስን ያደነዝዛል። ሲስተርን ራሴን ነቅንቄ ተሰናበትኩና ከጤና ጣቢያው ጀርባ ካለው ጽድ ሥር ሄድኩ። ቡና የምይዝባትን ትንሽ ብልቃጥ አወጣሁና ያለ አንዳች ጠብታ ብክነት ተፋሁበት። ከድኜ በመሐረብ ጠቀለልኩትና ደረት ኪሴ ከተትኩት። ካልዋጥኩት አልገደፍኩም፣ ካልደፋሁት መድኃኒቱም አልቀረብኝም ብዬ ከራሴ ጋር ተሟግቼ ራሴን ረታሁ። በዘጠኝ ሰዓት አማትቤ፣ ከምግብ በፊት መጀመሪያ እሱን ጠጣሁ። ብልቃጧንም በጥቂት ውኃ አለቅልቄ እጣቢውን ጨምሬ ጠጣሁ። ምንም እንዳይቀር።

እንዲህ እያደረግኩ ስምንት ሳምንት ሄድኩ። ቅዳሜና እሁድ እዚያው እውጠዋለሁ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ በአፌ ይዤ እወጣለሁ። ሲስተር ሐዊ አንድ ቀን «አንተ ሰውዬ በጠዋቱ ዝም ማለት አበዛህ» አሉኝ። ጉንጬ ሙሉ ስለነበር ፈገግ ብቻ አልኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ሁለቱንም ጌቶች ያስደሰትኩ። ማስተዋል መጾሜን ታውቃለች፤ የዘጠኝ ሰዓቱን ምሳ የምትቋጥርልኝ እሷ ናት። መድኃኒቱን ግን በጠዋት እንደምውጥ ነው የምታስበው። እኔም አልነገርኳትም፤ ስለት ሲያወሩበት ይቀላል ብዬ።

ከድር በዚያ ሰሞን ፈረቃው ተቀይሮ እኔ ስገባ እሱ ይወጣ ነበር። ረመዳን ገብቶ እሱም ይጾማል። በር ላይ ስንተላለፍ «በርታ» እንባባላለን። ሌላ አላወራንም።

ፋሲካ አለፈ። ከፋሲካ በኋላ ያሉትን ቀናት ሁሉ እዚያው ፊታቸው ዋጥኩ። ግንቦት አስር ጠዋት የመጨረሻው ልኬት ሆነ።

ሲስተር ሐዊ ወረቀቱን አንብበው እንደገና አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጠረጉት። «ሲራክ፣ ተቀመጥ» አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

«ስንት ነው?»

«አንድ ነጥብ ሁለት።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። እውነትም አንድ ነጥብ ሁለት።

«አልገባኝም» አሉ ሲስተር። «አንድ ቀን አልቀረህም፣ እኔው ራሴ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዳንድ ሰውነት መጀመሪያ ይቀበልና በኋላ እምቢ ይል ይሆናል።» መዝገቡ ላይ «አልተቀበለም» ብለው ጻፉ። ማኅተሙን ከመምታታቸው በፊት ትንሽ ጊዜ እጃቸው ቆመ። ከዚያ መቱት። ስሜ ተዘጋ።

ውጭ አግዳሚው ላይ ከድር ተቀምጧል። ወረቀቱ ጭኑ ላይ ነው፤ ሃያ ሁለት ይላል። ፊቴን ሲያይ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ደግ ሰው ነው። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ወሬ ለማምጣት ያህል ይመስለኛል፣ እንዲህ ብሎ አወራኝ።

«እኛም እኮ ረመዳን ሲገባ ልባችን ወድቆ ነበር» አለ። «መቼ ነው የምንጠጣው ብለን። ሼኹን ጠየቅናቸው። እሳቸው ደግሞ ሂዱና ሲስተርን ጠይቁ አሉን። ሲስተር አላህ ይስጣቸውና ከሱሑር በፊት እየመጡ ከፍተው ያጠጡን ነበር።»

«ይዛችሁ ሄዳችሁ ማታ ለምን አልጠጣችሁም?» አልኩት። ለምን እንደጠየቅኩት አላውቅም። ምናልባት አውቃለሁ።

«አይሆንማ፤ እኔም እሱኑ ነው የጠየቅኳቸው። ከተከፈተ በግማሽ ሰዓት ይሞታል አሉን። ምራቅ ነክቶት ሳይዋጥ ከቆየማ ደቂቃም አይፈጅ። ያኔ ከቅጠል ውኃ አይሻልም። ፊቴ ጠጡ የሚሉትም ለዚህ ነው እንጂ እንዳትሸጡት አይደለም ብለው ሳቁብን።»

ከድር ገና እያወራ ነበር። ተነስቼ ተመልሼ ገባሁ።

ሲስተር ሐዊ ብልቃጦች እየደረደሩ ነበር። «ሲስተር፣ መላሽ ምራቅ ነክቶት ሳይዋጥ ከቆየ ይሞታል?» አልኳቸው።

«አዎ» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ብልቃጡን ቀስ ብለው አስቀመጡት። «ምን አደረግክ?»

ነገርኳቸው። ጽዱን፣ የቡና ብልቃጧን፣ ዘጠኝ ሰዓቱን፣ የእጣቢውን ውኃ እንኳ ሳልደብቅ። ሲስተር ሐዊ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ሰሙኝ።

«አርባ ቀን» አሉ በመጨረሻ። «አርባ ቀን ሙሉ የጠጣኸው ምንም አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አልተጻፈም?» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «እዚህ ግድግዳ ላይ አንድ መስመር መጨመር ምን ነበረበት?»

«ትልቅ ሰው መድኃኒት በአፉ ይዞ ይወጣል ብሎ ማን ያስባል፣ ሲራክ? የጠየቀኝን ሁሉ ነግሬያለሁ።»

ይህን ሲሉ አልተቆጡም። የሚቆጡ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። መዝገቡ ቢስተካከልስ ብዬ ለመንኳቸው፤ መድኃኒቱ አልተወሰደም ቢባል፣ እንዳልጀመረ ሰው ብቆጠር። ራሳቸውን ነቀነቁ። ብልቃጡ ወጥቷል፣ ድርሻዬ አልቋል፤ ቢጽፉትም የሚለወጠው ምክንያቱ ብቻ ነው አሉኝ። «‹አልተቀበለም› እንደተባለ ይቅር። ለባለቤትህም ይሻላል። ማንም ጥፋተኛ አይሆንም።»

በምሳ ሰዓት ትምህርት ቤት ደረስኩ። ማስተዋል አንደኛ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሰሌዳው ላይ «ግንቦት 10» ብላ በሚያምር እጅ ጽፋለች። ቁመቱ ጉልበቴ ድረስ የሆነ የልጅ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በዚህ ጊዜ ጣቶቼን አላነሳሁም፤ አለማንሳቴን አይታ ገባት።

«ስንት?» አለች።

«አንድ ነጥብ ሁለት። ስሜ ተዘጋ።»

ጠመኔውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች። «እኔ ነኝ» አለች። «አንተማ ምን ያላደረግከው አለ? ከጭሱ ወጣህ፣ መድኃኒቱን ጠጣህ፣ ሁዳዴን ሙሉ እንዲያ ሆነህ ጾምክ። ያልታደልኩት እኔ ነኝ። እናቴም ሁልጊዜ ትለኝ ነበር።»

ዝም ማለት እችል ነበር። ሲስተር ሐዊ መንገዱን ጠርገውልኛል፤ መዝገቡም ከእኔ ወገን ነው። ዝም ብል ዕድሜ ልኳን ራሷን እየከሰሰች፣ ለእኔ እያዘነች ትኖራለች። ያንን ማየት አልቻልኩም። ነገርኳት።

ሳታቋርጠኝ ሰማች። ስጨርስ በመስኮቱ በኩል ሜዳውን ታይ ነበር፤ የስድስተኛ ክፍል ሁለት ልጆች ከሦስት አስተማሪዎች ጋር ኳስ ይጫወታሉ።

«መምሬ አስራደ ምን አሉህ?»

«አልጠየቅኳቸውም።»

«ለምን?»

«ጠጣ እንዳይሉኝ ፈርቼ።»

ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች፣ የገባት ያህል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«እኔንስ?» አለች። «እኔን ለምን አልጠየቅከኝም?»

ስለቱ የእኔ ነበር አልላት ነገር፣ ልጁ የእሷም ነበር። ዕጣው በስሜ ወጣ እንጂ ሰባት ዓመት የጠበቅነው ሁለታችን ነን። በአፌ ይዤ ስወጣ የእሷን ይዤ እንደምወጣ አንድም ጠዋት አላሰብኩትም። ደወል ተደወለ። ማስተዋል የከሰዓቱን ክፍለ ጊዜ ለመጀመር ተነስታ በሩ ላይ ቆመች፤ እስክወጣላት ጠበቀችኝ።

እሁድ ሁለታችንም ቤት ዋልን። አልሰደበችኝም፣ ሳህን አልወረወረችም፤ ምሳዬን በሰዓቱ አቀረበች። ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ ወጥታ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ በፕላስቲክ የታሰረ ነገር አወረደች። የቀማሽነት ጋዋኔ ነበር። ሥራ ስቀይር ጭሱ ቤት ውስጥ እንዳይገባ ብላ ጥር ላይ አስራ ያስቀመጠችው ነው። ፈታችው። ሽታው ወዲያው ቤቱን ሞላው።

«ውጭ ላስጣው?» አልኳት።

«ከእንግዲህ ለማን ብለህ?» አለች። አራግፋ መኝታ ቤት ወሰደችና ከአልጋችን ራስጌ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለችው። ከዚያ መስኮቱን ዘግታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ከጋዋኑ ሥር ጋደም አለች።